ከበሩ ጋ የቆመችው ትውጣ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ሙሽራዋ ልጅህስ? ጉልበትህን ያምህ እንደነበር ሰምቻለሁ፤ ተሻለህ ወይ? እኔ፣ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ተተክሎ የሚውለው ዓይኔ ውኃ ከማውጣቱ በቀር፣ ደህና ነኝ። ሰላምታው በዚህ ይብቃንና ወደ ነገሬ ልግባ፤ ተቆጥቻለሁ። ተቆጥቻለሁ ስልህ እንደ ድሮው ኩርፊያ እንዳይመስልህ። ሁለት ቀን አኩርፌ በሦስተኛው ቀን ሸሚዝህን የምተኩስልህ ዓይነት አይደለም።

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ ፎቶ ቤት ገብተህ ነበር፤ በፖስታ የድሮ ፎቶ ይዘህ። ተቀባይዋ፣ ያቺ ፍንጭቷ ልጅ፣ ጋሼ ስትልህ ደስ ብሎህ ሳቅክላት። ከጀርባዋ ያለውን ስስ የጣውላ ግድግዳ ሳታየው አትቀርም፤ የሙሽሮች ፎቶ ተለጥፎበታል። ከዚያ ግድግዳ ኋላ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ የሚንጫጫ ቬንቲሌተርና እኔ አለን። እዚህ ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አንተ ሌላ ከተማ የምኖር ይመስልሃል፤ ጠይቀህ ስለማታውቅ ከየት ታውቀዋለህ።

መጀመሪያ ያወቅኩት ሳልህን ነው። ሁለት ጊዜ ትስልና ሦስተኛውን ትውጠዋለህ፤ ከልጅነትህ ጀምሮ እንዲሁ ነህ። ደንግጬ፣ ደስም ብሎኝ፣ ልወጣልህ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር ጫማዬን በእግሬ ስፈልግ ልጅቷ፣ ይህች ከበሩ ጋ የቆመችውስ ማን ናት፣ ትጽዳ ወይስ ትቅር ብላ ጠየቀችህ። ያልከውን ራስህ ታውቀዋለህ፤ እኔም መስማቴን እንድታውቅ ግን ልጻፈው። የቤት ሠራተኛችን ነበረች፣ አታስፈልግም፣ ትውጣ አልክ። እግሬ ጫማውን አገኘው፣ እኔ ግን መነሳት አቃተኝ።

ትንሽ ቆይቶ የትእዛዝ ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ጉድፎቹ በሙሉ ይጥፉ፣ ከበሩ ጋ የቆመችው ትውጣ፣ ለሠርግ አዳራሽ መግቢያ የሚሆን፣ ትልቁ መጠን ይላል። ልጅቷ ወረቀት ልትቆጥብ ይሁን እንጃ፣ ጉድፎቹንና እኔን በአንድ መስመር ነው የጻፈችን። በእሷ አልፈርድም፤ የነገርካትን ነው የጻፈችው።

ስለ ሥራዬ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ስለማታውቅ ዛሬ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። ብሩሽ የምንለው ነገር አለ፤ ከጉድፉ አጠገብ ያለውን ንጹህ ቦታ ይቀዳና ጉድፉን ያለብሰዋል። ቀላል ነው። ችግሩ ብሩሹ አቧራና ሰው አይለይም፤ የሚለየው የያዘው ሰው ነው። በገባሁ በሁለተኛው ወር አንድ ጡረተኛ መምህር የሟች ሚስቱን ፎቶ አመጣልኝ። ጉብዝናዬን ላሳየው ብዬ አንዲት ነጥብ ሳላስቀር አጠራሁለት። ብዙ ጊዜ አየውና፣ ልጄ፣ በጣም ቆንጆ ሴት ናት፣ የኔ ሚስት ግን አይደለችም አለኝ። ለካስ ከከንፈሯ በላይ ማርያም የሳመቻት ነበረች። ማርያም ስማት የሄደችበትን፣ እሱም ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሳመውን ቦታ ነው አቧራ ብዬ የጠረግኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ የሰው ገላ ላይ ያለ ነገር ባለቤቱን ሳልጠይቅ አልነካም።

ብጉራቸው እንዲጠፋ የሚፈልጉ ልጃገረዶች ይመጣሉ። ራሰ በራው ነጋዴ ጎፈሬ ትከይልኝ ብሎኝ ተክዬለታለሁ። የተፋቱም ይመጣሉ፤ ያንን ሰውዬ አውጪልኝ ይላሉ፣ አወጣለሁ። እነሱ ግን ባሌ ነበር ይላሉ እንጂ ዘበኛችን ነበር አይሉም።

ፎቶህን አጉልቼ ከላይኛው ጥግ ጀመርኩ። አባታችን ወንበሩ ላይ፣ እናታችን ከጎኑ ቆማ፣ አንተ ከፊት ደረትህን ነፍተህ። እኔ ለምን ከበሩ ጋ እንደሆንኩ ታስታውሳለህ? አንድ ጫማህ ጠፍቶ እሪ ስላልክ ከጓሮ ፈልጊ ተብዬ ነው የሮጥኩት። ስመለስ ፎቶ አንሺው አልታገሠኝም። ጫማህን በአንድ እጄ እንዳንጠለጠልኩ ነው የተነሳሁት። አንተ ባዶ እግርህን ከሌላው ኋላ ደብቀኸዋል፤ ቀረብ ብለህ ብታየው ይታያል። ሠራተኛ ያልከኝ ለዚህ ከሆነስ እውነትህን ነው፤ ያንተን ጫማ ስፈልግ ነው ያደግኩት።

ከአባታችን ወንበር ጀርባ፣ በሩ ባለበት በኩል፣ እርጥበት የበላው ቡናማ እድፍ ነበር። እሱን ለማቅለል ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከሥሩ ምን ወጣ መሰለህ? የእናታችን እጅ። በወንበሩ ኋላ ዘርግታ አንጓዬን ይዛለች፤ ወደ እናንተ ልትስበኝ። ያ ፎቶ ቤታችን ተሰቅሎ ሳለ ሁልጊዜ ለብቻዬ የቆምኩ ይመስለኝ ነበር። አልደብቅህም፣ አለቀስኩ። ልቅሶው ሲያልፍልኝ ንዴቴ እጥፍ ሆነ። እኔ ከወጣሁ እጇ አየር ጨብጦ ይቀራል። እጇንም ላጥፋ ብል ክንዷ ከወንበሩ ኋላ ገብቶ የማይመለስ ጉማጅ ይሆናል። የእናቴን እጅ ቆርጬ ነው እንግዳ እንድትቀበልበት የምሰጥህ?

አማቾችህ ትልልቅ ሰዎች ናቸው አሉ። ሰው ገጭታ ገድላ አራት ዓመት የታሰረች አክስት ለሙሽሪት እንደማትመጥን ይገባኛል፤ የገባኝን ያህል ደግሞ ያንገበግበኛል። ያ አደጋ ሲደርስ የዛሬዋ ሙሽራ ዓይኗን በቅጡ ያልገለጠች ጨቅላ ነበረች። እናታችን፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሁለታችንንም ጓዳ አስገብታ ያለችንን እዚህ አልጽፈውም፤ ደብዳቤ የሰው እጅ ይገባል። ማግስቱን ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ፣ ፈረምኩ። ይህንን ሙያ የተማርኩትም እዚያው ማረሚያ ቤት በተሰጠን የኮምፒውተር ስልጠና ነው። ሁለት ጊዜ ልትጠይቀኝ መጣህ፤ ሁለተኛውን ጊዜ ሰዓትህን እያየህ። ከዚያ ቀረህ። ስወጣ ስልክህን ቀይረህ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይህን ሁሉ ዓመት ዝም አልኩ። አመስግነኝ አላልኩህም፣ ካሰኝ አላልኩህም። አሁን ግን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማድረጉ አልበቃ ብሎህ እምዬንም፣ እኔን ማለቴ ነው፣ ከፎቶው አስወጣህ! ባጎረስኩ እጄን ነከስከኝ፣ ወንድሜ። ሌላ ሰው ቢያደርገው ስቄ አልፈው ነበር።

ሥራህን ጨርሻለሁ። አቧራው የለም፣ እድፉ የለም፣ መሐሉ ላይ የነበረው የመታጠፍ ስንጥቅም የለም። እኔ አለሁ። ጫማህን ይዣለሁ፣ እናቴ እኔን ይዛኛለች። በዚህ አልስማማም ካልከኝ ሌላ ፎቶ ቤት ፍለጋ አትድከም። እዚሁ ና፤ ከአጠገቤ ትርፍ ወንበር አለ። ተቀመጥና ጣትህን ፊቴ ላይ አድርገህ፣ ይህችኛዋ ናት፣ አጥፊያት በለኝ። ባልከኝ ደቂቃ አጠፋልሃለሁ፤ ጥላዋ እንኳ መሬት ላይ አይቀርም። በሥራዬ አልታማም።

ለሙሽራዋ ትዳሯን የሰመረ ያድርግላት። ወንድምና እህት ትውለድ፤ ቢጣሉም እንኳ የሚተዋወቁ ያድርግላት። ላንተም ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው፣ እሱም ያናድደኛል።

ትልቁ ፎቶ ታትሞ በፍሬም ተዘጋጅቷል። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ትናንት የመኪናውን ቁልፍ ዘርግቶልኝ፣ ከባድ ስለሆነ ራስሽ ነድተሽ አድርሺላቸው ቢለኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። በሕይወቴ መሪ ጨብጬ አላውቅም ስለው የቀለድኩ መሰለው። አንተ ታምነኛለህ። ስለዚህ መንዳት የሚችል ሰው ላክ።

የእናትህ ልጅ፣
ታላቅ እህትህ