አሻጋሪውና የአዋላጇ መጽሐፍ

ወዳጅ ዘመድ "አሻጋሪው" እያለ የሚጠራቸው አባታችን፣ ከመጽሐፍ ጠራዡ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ከጥረዛ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ተወለዱ። እናታቸው "ይህ ልጅ ከወተት በፊት የሙጫ ሽታ ለምዷል" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ በማተሚያ ቤት የብረት ፊደል እየለቀሙ የሚደረድሩ ፊደል ለቃሚ ሆነው ተቀጠሩ፤ ኮምፒውተር ሲመጣም ወደ ገጽ ቅንብር ተዛወሩ። በ1976 ዓ.ም. የማተሚያ ቤቱን አራሚ፣ እናታችንን፣ አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ።

ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ ሳሎናችን ጥግ ላይ ጠረጴዛ ዘረጉ። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈውን ሰነድ ሌላው አላውቀውም ሲል፣ ሰንጠረዡ ሲፈርስ፣ የግርጌ ማስታወሻው ደብዛው ሲጠፋ፣ ሰው ሁሉ ዲስኩን ይዞ ወደ እርሳቸው ይመጣ ነበር። ሰነዱን ወደ አዲሱ ፕሮግራም ካሻገሩ በኋላ ሁለቱንም ያትማሉ፤ እናታችን ከአሮጌው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያነቡ፣ እርሳቸው አዲሱን በጣታቸው ይከተላሉ። አባታችን "ኮምፒውተር ቃል ቢጥልም ጠፋብኝ ብሎ አያውቅም" ይሉ ነበር።

ባለፈው ዓመት አንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ መጡ። ዕድሜ ልካቸውን ለተማሪዎቻቸው የጻፉት መጽሐፍ የሚከፈትበት ፕሮግራም የቀረው በአባታችን አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ እንደገና ሊጽፉት አይችሉም። ኮምፒውተሩ አንዴ ከጠፋ መነሣቱ ስለሚያጠራጥር አባታችን አብርተው ዳግም አላጠፉትም። መብራቱ እንዳይቋረጥ ልብሳችንን ጎረቤት እየሄድን ተኮስን፤ እናታችንም "እንዲህ ያለ እንክብካቤ በጫጉላችንም አላየሁ" እያሉ ሶኬቱን ይጠብቁ ነበር።

መጽሐፉ ተሻግሮ ማመሳከሩ ብቻ ሲቀረው የአባታችን የልብ ሕመም ጸናና አልጋ ያዙ። ሐኪማቸው እንዲያርፉ ቢመክሯቸውም "መጽሐፉ ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ከተሳሳተ ወላድ ይገድላል፤ እርሱን ልይና አርፋለሁ" አሉ። እናታችንም አልጋው አጠገብ ወንበር ስበው ማንበብ ጀመሩ።

ኅዳር 9 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ እየተነበበ ሳለ፣ የአባታችን ጣት አንድ መስመር ላይ ቆመ። እናታችን ቀና ብለው አዩ፤ ገባቸው። የአባታችንን ዓይን ከድነው፣ ወረቀቱን ከእጃቸው ወስደው ለታላቅ ወንድማችን ሰጡና "ጣትህን እዚህ አድርግ" አሉት። ማንበቡንም ከቆሙበት ቀጠሉ። ጥቂት መስመሮች ዝቅ ብሎ፣ ከወሊድ በኋላ ደም ለሚፈሳት እናት የሚሰጠው መድኃኒት መጠን ከአዲሱ ሰንጠረዥ ጠፍቶ ተገኘ። ወንድማችን እያለቀሰ አስገባው። ያን ዕለት ያየነውን ዛሬም ለማመን ይከብደናል።

መጽሐፉ አሁን በአዋላጇ ተማሪዎች እጅ ይገኛል። አባታችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ለእናታችንም ብርታቱን ያድልልን። ይህን የሕይወት ታሪክ፣ ከመታተሙ በፊት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነበቡልን እርሳቸው ናቸው።