በስህተት የመራሁት የእግር ጉዞ

እህት ዓለም፣ እንደምን ከረምሽ? ሰፈራችን ውስጥ እንኳ መንገድ የሚጠፋኝ ሰውዬ፣ ትናንት መንገድ መሪ ሆኜልሽ ዋልኩ!

የዚህ ከተማ ሰው በየዓመቱ ለሕጻናት ሆስፒታሉ መርጃ መናፈሻውን በእግር ይዞራል፤ ከዚያ ሙዚቃና ጨዋታ ነው። ቆሜ ሳይ አንዲት ነርስ አስተባባሪ መስያት ብርቱካናማ ሰደርያ አለበሰችኝና "እዚህ ቁምና ወደ ግራ ምራቸው" ብላኝ ሮጠች። እኔም ኮራ ብዬ ሕዝቡን ከነከበሮ መቺዎቹ ወደ ቀኝ ሰደድኩት!

በመናፈሻው በር ወጥተን ሆስፒታሉ ፊት ለፊት ተገኘን። እዚህ እንደኛ አገር ጠያቂ የሕመምተኛውን ክፍል አይሞላም፤ ከሁለት ሰው በላይ አይገባም። ሕጻናቱ ከበሮውን ሲሰሙ መስኮቶቹን ሞሏቸው። አንዲት ጸጉሯ የረገፈ ልጅ "ለእኛ ነው?" ብላ ጮኸች።

"ለእናንተ ነው!" አለ ሕዝቡ ባንድ ድምፅ።

ነርሷ እያለከለከች ስትደርስ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። እሷ ግን ወደ መስኮቶቹ ቀና ብላ ዓይኗን ጠረገችና፣ "ከርሞም በዚሁ ነው የምንሄደው" አለችኝ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ጉልበታቸውን፣ ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ናፍቃችሁኛል።