የማርታ አባት፣ አሩሻ አልቀረሁም

አውሮፕላን ፈርቼ አይደለም የተመለስኩት! ማንም ሳይጠይቀኝ ነው የምመልሰው፣ አውቃለሁ፤ አንተ ብትኖር ግን ይሄንን ብለህ ትስቅብኝ ነበር። የማርታ አባት፣ ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ቤቱ ደህና ነው። የሚያፈሰውን ቆርቆሮ አስቀይሬዋለሁ፤ አንተ ነገ ነገ ስትል የኖርከውን።

ልጃችን ታንዛኒያ ወሰደችኝ፣ አሩሻ፣ ባሏ ቱሪስት በመኪና የሚያዞርበት ከተማ። አገሩ የኛን ከተማ ሚዛንን ይመስላል፤ ተራራ፣ ሙዝ፣ ቡና፣ ጭቃ። ፈረንጁ ባርኔጣውን ደፍቶ ጠዋት ጠዋት አውሬ ሊያይ ይወጣል። እኔንም ወሰዱኝ። ዝንጀሮ ሲያዩ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው! አንተ ከበቆሎህ በድንጋይ ስታባርረው የኖርከውን እኮ ነው። ዝሆኑን ሳይ ግን አንተ ትዝ አልከኝ። ያ ሁሉ መኪና ከቦ ሲጠብቀው ጀርባውን ሰጥቶ ቅጠሉን ያኝካል፤ የማትወደው እንግዳ ሲመጣ አንተ እንደምታደርገው።

ማርታ እዚሁ ቅሪ፣ ሚዛን ማን አለሽ፣ ቤቱን እናከራየዋለን አለችኝ። ልቀር ነበር፣ አልዋሽህም። የልጅ ልጆቻችን አንገቴ ላይ ተጠምጥመው ነው የሚያድሩት። ግን በሩ ላይ ዘበኛ፣ ከዘበኛው ኋላ ውሻ። ሰው የሚባል አያንኳኳም። አንድ ጠዋት ከጎረቤት ሆቴል አጥር ዳር የበቀለ ቡና አየሁና ለጋ ለጋውን ቅጠል ሸመጠጥኩ። ዝንጅብሉን፣ ሚጥሚጣውን ጨምሬ፣ ሰፈራችን ጠዋት ጠዋት እኛ ቤት ተሰብስቦ እንደሚጠጣው አፈላሁት፣ አንድ ድስት ሙሉ። የሆቴሉ ዘበኛ ተከትሎኝ መጣ፤ ፍሬውን ትታ ቅጠል የምትሰርቅ አሮጊት የት አይቶ ያውቃል! አስቀምጬ አጠጣሁት። አስነጠሰው፣ ሳቀ፣ ሄደ። ማርታ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት። የቀረውን ለማን ልቅዳ? ድስቱ እስኪቀዘቅዝ ቁጭ ብዬ አየሁት። ያኔ ነው ልመለስ የቆረጥኩት።

ማርታ አኩርፋለች። ያንተ ልጅ አይደለች እንዴ፣ ኩርፊያዋ ረጅም ነው፤ ግን ይወጣላታል።

ቅልህ ምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ማንም አይጠጣበትም። እኔ በሕይወት እያለሁ አቧራም አይነካው፣ ስምህም ከዚህ ቤት አይጠፋ። በየጠዋቱ ስቀዳ መጀመሪያ የማየው እሱን...

ቆይ፣ ጎረቤታችን አልማዝ በሩን ልትሰብረው ነው። «አንቺ ሴትዮ፣ ቅጠሉ እስካሁን አልፈላም? ወይስ አሩሻ እንቅልፍ አስተምረውሽ ሰደዱሽ?» ትላለች። ከኋላዋ የሚስቁም አሉ፣ ብዙ ናቸው።

መጣሁ! መጣሁ አልኩ እኮ!