አባትህ «አቤት» ያላሉ ዕለት

ዳንግላ፣ ሰኔ 1967 ዓ.ም.

ልጄ ይኸነው፣ ባሕር ማዶ ያለህበትን ደጅ ጊዮርጊስ ይጠብቅልኝ፤ የሰው ፊት አያሳይህ።

እኛ አለን። ዝናቡ በጊዜው ገብቷል፤ መሬት የሕዝብ ሆነ ከተባለ ወዲህ ግን በማን መሬት እንደምንዘራ እንጃ። አባትህ ኮርቻቸውን ድርቆሽ ውስጥ ደብቀው ገበያ በእግራቸው ይወርዳሉ።

ባለፈው ገበያ የፖስታው ሰው ደብዳቤህን ከፍ አድርጎ ይዞ «ግራዝማች ገበየሁ!» እያለ ደጋግሞ ተጣራ። የአዲሱ ገበሬ ማኅበር ጠበንጃ ያዦች ከጎኑ ቆመዋል። ጎረቤታችንን ባላምባራስን እንዲሁ በማዕረጋቸው ጠርተው ከወሰዷቸው ወዲህ አልተመለሱም። አባትህ አጠገቤ ነበሩ፤ «አቤት» አላሉም። መሬት መሬት ሲያዩ እኔም ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። ደብዳቤህ ሳይነበብ ተመልሶ ሄደ። አሁንማ እቤት ውስጥ «ግራዝማች» ብዬ ስጣራ እንኳ ይደነግጣሉ።

አባትህን አንቱ እንድትል ያሳደግሁህ እኔ ነኝ። እባክህ ልጄ፣ ከእንግዲህ ፖስታው ላይ «ለገበየሁ» ብቻ ብለህ ጻፍ። ነውሩን እኔ እሸከመዋለሁ።

ዕድሜህን ያርዝመው፤ በሰላም ያገናኘን። እስከዚያው አባትህን በስማቸው ብቻ ጥራቸውና «አቤት» ይበሉህ።

እናትህ ሸጋ