የሆልት በጎች የጆሮ ምልክት

ውድ ወንድሜ ኤይሊፉር፣

ከሁሉ በፊት ጉልበትህ እንዴት ነው? ባለፈው ደብዳቤህ ደረጃ መውጣት እንዳስቸገረህ ጽፈህልኝ ነበር። ሐኪሙ ያዘዘልህን አደረግህ ወይስ እንደ ልማድህ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትከው? ባለቤትህ ዶሮቲስ ደህና ናት? ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹስ? በዊኒፔግ በረዶው ጣለ ወይስ ገና ነው? እኛ በሕይወት አለን። ሁልዳ ዓይኗ ቢደክምም ሹራብ መሥራቷን አልተወችም። ልጃችን ኡናም በየእሑዱ ትጠይቀናለች። እኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴን ተሸክሜ ያለ ዱላ እሄዳለሁ። ስለ ጤና ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ይህን የምጽፍልህ ተናድጄ ስለሆነ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የተወለድንባት ግሪታዳል ወረዳ ከዚህ ወዲያ የለችም። ባለፈው ዓመት በጋ ላይ፣ ከወንዙ ማዶ ካለችው ከብሬይዳል ወረዳና ከሳንድቪክ ከተማ ጋር አንድ አድርገዋታል። አንተ የምታውቀው ምክር ቤት አምስት ሰው ነበር፤ በወሩ መጀመሪያ ማክሰኞ በሊቀመንበሩ በአስግሪሙር ወጥ ቤት ይሰበሰባል። እኔም ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጬበታለሁ። የድልድዩ ሳንቃ ከተሰበረ ለአስግሪሙር ላም እያለበ ትነግረዋለህ፤ በሦስተኛው ቀን ሳንቃው ተተክቷል። አሁን ሳንድቪክ ላለ ጽሕፈት ቤት ስልክ እደውላለሁ። አንዲት ሴት በማሽን ውስጥ ሆና ስለ መንገድ ከሆነ አንድን ተጫን፣ ስለ ቆሻሻ ከሆነ ሁለትን ተጫን ትለኛለች። ስለ ድልድይ የሚጫን ቁጥር የለም።

ከመዋሐዱ በፊት ሁለት ሰዎች ከዋና ከተማ መጥተው በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በመብራት ሥዕል አሳዩን። ክብ በክብ ላይ ነበር። "አገልግሎቱ ወደ እናንተ ይቀርባል" አሉ። ተነሥቼ፣ "የአስግሪሙር ወጥ ቤት ከእኔ ቤት አራት ኪሎ ሜትር ነው፤ ሳንድቪክ ሰባ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። የትኛው ነው የሚቀርበው?" አልኳቸው። አንደኛው ፈገግ ብሎ፣ "አባት፣ ይሄ የርቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም" አለኝ። መቅረብ የርቀት ጉዳይ ካልሆነ የምን ጉዳይ እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ድምፅ ሲሰጥ አርባ አንድ ለሠላሳ ስምንት ተሸነፍን። አርባ አንዱን በየስማቸው አውቃቸዋለሁ። ለአንዳንዶቹ ሰላምታ ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ትምህርት ቤታችሁ አይነካም ተብለው ነበር ድምፅ የሰጡት፤ በመጀመሪያው ክረምት ተዘጋ። ለአዲሱ ወረዳ ስም በውድድር አወጡለትና ኖርዱርቢግድ አሉት፤ የሰሜን ሠፈር ማለታቸው ነው። ከምን ወደ ሰሜን? ያንንም የሚመልስ የለም።

ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። ያልቻልኩት ቀጥሎ የመጣውን ነው።

በጃንዋሪ ደብዳቤ ደረሰኝ። የሁለቱ ወረዳዎች የበግ ምልክት መዝገብ አንድ ሲደረግ የእኛ ምልክት፣ የቀኝ ጆሮ ጫፉ ቁርጥ የግራው ከበስተኋላው አንዴ ጎደል የተደረገ፣ በብሬይዳልም አንድ ሰው ዘንድ ተገኘ ይላል። ድሮ በመካከላችን ወንዙ ስለነበረ፣ እያንዳንዱም ወረዳ በጎቹን ከተራራ ሲወርዱ በራሱ በረት ስለሚለይ፣ ማንም ማንንም አይነካም ነበር። አሁን ግን በአንድ መዝገብ ሁለት ባለቤት አይቻልምና ምልክቱ ለብሬይዳሉ ሰው ጸድቋል፤ ለአንተ አዲስ ተሰጥቶሃል ይላል። አዲሱንም በሥዕል አያይዘውልኛል። ኤይሊፉር፣ በሁለቱም ጆሮ ላይ አምስት ቦታ የሚቆረጥ ነው! በውሻ የተነከሰ በግ ነው የሚመስለው።

በማግስቱ በአውቶቡስ ሳንድቪክ ሄድኩ። የተቀበለኝ ብሪንያር የሚባል፣ ፊቱ ለስላሳ፣ ጫማው ለስላሳ ሰው ነው። "ለምን ለእሱ ሆነ?" አልኩት።

"አባት፣ የብሬይዳል ዝርዝር በኮምፒውተር ቀድሞ ደረሰን። የእናንተ በእጅ የተጻፈ ስለነበረ ዘገየ።"

"ይቺ ምልክት በእርሻችን በሆልት ስድስት ትውልድ ኖራለች። በፖስታ ስለዘገየች ነው የተቀማነው?"

"ማንም አልቀማዎትም። ደግሞ በዚህ ዘመን በቢላዋ መቁረጥ ለምን ያስፈልጋል? ቁጥር ያለው ፕላስቲክ ጆሮው ላይ ይሰኩለት፤ አለቀ።"

"የአንተን ጆሮ ሽቦ አጥር ውስጥ አስገብተህ ጎትተው፤ ፕላስቲኩ ይቆይ እንደሆነ እናያለን" ብዬው ወጣሁ። ሁልዳ ስትሰማ ተቆጣችኝ። እኔ ግን አልተጸጸትኩም።

ከዚያ ባለ ምልክቱን ሰው ፍለጋ ወደ ብሬይዳል ሄድኩ። የቦርግ እርሻ ባለቤት ራንቬይግ የምትባል፣ ሰባ ዓመት ያለፋት ባሏ የሞተባት ሴት ሆና አገኘኋት። ከበሩ ላይ ሆና ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። "አንተ ነህ የሆልቱ ሽማግሌ? ምልክቴን ልትጠይቅ ከመጣህ ጫማህን አታውልቅ፤ አትቆይም" አለችኝ።

"ምልክትሽ አይደለችም" አልኳት።

"ከአባቴ የወረስኳት ናት። አባቴ ከአባቱ። አንተስ ከየት አመጣሃት፣ በጋዜጣ አይተህ?"

እዚያው ደጃፍ ላይ ቆመን፣ በረዶው በመካከላችን እየወረደ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ተጯጯህን። አንድም ነገር አልተስማማንም፤ ሳንድቪክ ያሉት ጅሎች መሆናቸውን ብቻ ተስማማን። ስመለስ ስድቧን ሳስብ ምንም ውሸት አጣሁባት። እንደ እኔው ናት፤ ያው ነው የሚያናድደው።

በሜይ ወር በጎቹ ወለዱ። የጽሕፈት ቤቱ ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሁልዳ ቢላዋውን አቀበለችኝ። የመጀመሪያውን ጠቦት ጉልበቴ መሐል ይዤ እንደ ጥንቱ ቆረጥኩት፤ የቀኝ ጫፍ፣ የግራ ጎደል። ሁሉንም እንዲሁ አደረግኋቸው። ሕግ መጣሴን አውቃለሁ፤ በጎቹ ተራራ ላይ በጋውን ከርመው ሲወርዱ አዲሱ የምልክት መጽሐፍ የማንን ስም እንደሚናገርም አውቅ ነበር። ቢሆንም እጄ ሌላውን አልቆርጥ አለ።

ሴፕቴምበር ደረሰ። አዲሱ ምክር ቤት የእኛን የድንጋይ በረት ዘግቶ የሁለቱም ወረዳ በግ በብሬይዳል በረት እንዲለይ አዝዟል። ከተራራ አውርደን አስገባናቸው። እንደምታውቀው ሰው ሁሉ መሐል ገብቶ በግ እየያዘ፣ ጆሮ እያየ፣ ወደየባለቤቱ ክፍል ይጎትታል። የብሪንያር ሰዎች አዲሱን መጽሐፍ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። የእኔ በግ በተያዘ ቁጥር ጆሮው ይታይና "ቦርግ!" ይባላል። ወደ ራንቬይግ ክፍል ይገባል። ሌላው፤ "ቦርግ!" ኤይሊፉር፣ በደጄ የተወለዱ አንድ መቶ ስልሳ አራት በጎች አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሰው ክፍል ሲገቡ ግድግዳው አጠገብ ቆሜ አየሁ። በስሜ የተጻፈው ክፍል ባዶ ነበር። ወደ መሐል ገብቼ እንዳልማታ እጆቼን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ ያዝኩ።

ብሪንያር መጣና፣ "አባት፣ ይሄ እንደሚሆን ጽፈንልዎት ነበር። ቅሬታ ካለዎት ቅጹ ጽሕፈት ቤት አለ" አለኝ።

ልመልስለት ስል ራንቬይግ ከክፍሏ ውስጥ ጮኸች። "አንተ የሆልት ሽማግሌ! እዚያ እንደ ምሰሶ ምን ያቆምሃል? የሰው በግ ለክረምት የምቀልብበት ድርቆሽ የለኝም። ና ግባና የራስህን ለይ!"

"ጆሯቸው አንድ ነው" አልኳት።

"ጆሮ ማን አለህ? ፊታቸውን አታውቅም? ካላወቅህ መጀመሪያውንም የአንተ አልነበሩም ማለት ነው።"

ብሪንያር በመጽሐፉ መሠረት ሁሉም የእሷ እንደሆኑ፣ እንዲህ ማድረግ እንደማይቻል ሊያስረዳት ሞከረ። "የእኔ ከሆኑ ለፈለግኩት እሰጣለሁ። ከበሬ ዞር በል፣ ልጄ" አለችው። ዞር አለ።

ገባሁ። ከጧት እስከ ማምሻ ለየሁ። እናቲቱን በፊቷ አውቃታለሁ፤ በአፍንጫዋ፣ በቀንዷ አጣጣል፣ ቀና ብላ ስታየኝ በምታሳየው ትዕቢት። ጠቦቶቹ እናታቸውን ይከተላሉ። አስግሪሙር ግድግዳው ላይ ተቀምጦ፣ "ስቴይንቶር፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሰው ፊት ይጠፋሃል፣ በግ ላይ ሲሆን ዓይንህ ከየት መጣ?" እያለ ሰውን ያስቃል። ራንቬይግ አጠገቤ ቆማ እያንዳንዷን ታያለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንዲት ግራጫ እናት ቀንዷን ስይዝ፣ "እሷን ተዋት፤ በጡጦ ያሳደግኋት ናት" አለችና ስሟን ጠራቻት። በጓም እጄን ጥላ ወደ እሷ ሄደች። በሰው ሁሉ ፊት አፈርኩ። አንተ ወንድሜ ስለሆንክ እጽፈዋለሁ።

ሲያልቅ ከአንዲት ጠቦት በስተቀር የእኔ በጎች ሁሉም ወጥተው ነበር። እሷም ተራራ ላይ ቀርታ ይሆናል። ራንቬይግ ከመኪናዋ ቡና በፔርሙዝ አወጣችና አንድ ኩባያ ሰጠችኝ። "ባሌ ኢንግቫር የራሱ ምልክት ነበረው። ሁለቱም ጆሮ ጫፉ ስንጥቅ። እሱ ከሞተ ወዲህ የሚቆርጣት የለም፤ ልጆቼም ከተማ ናቸው። ውሰዳትና የአባቴን ተውልኝ። ጽሕፈት ቤቱ ስላዘዘ ሳይሆን እኔ ስለጠየቅሁህ" አለችኝ። አስብበታለሁ ብያት ሄድኩ።

ሦስት ሳምንት አሰብኩ። ለጽሕፈት ቤቱ አንድ ጥፍር አልሰጥም፤ በሕይወት እያለሁ ያንን ባለ አምስት ቁርጥ ምልክት በበጌ ላይ አላሳርፍም። ለእሷ ግን መስጠት እችላለሁ። ሰው ፊቴ ቆሞ ጠይቆኛል፤ በሯንም ከፍታልኛለች። ነገር ግን በአሮጌው መዝገብ ላይ አባታችን ያስጻፈው የእኔን ስም ብቻ አይደለም። "ስቴይንቶርና ኤይሊፉር" ይላል፤ አገር ለቀህ ከሄድክ በኋላም አላስፋቅሁትም። በሕይወቴ አንተን ለምንም ነገር ፈቃድ ጠይቄህ አላውቅም። እርሻውን ስይዝ አልጠየቅሁህም፤ የእናታችንን ሳጥን ስሸጥ አልጠየቅሁህም፤ ለዚያም ተቀይመህ እንደነበር አውቃለሁ። አሁን ግን እጠይቅሃለሁ። ከሜይ በፊት አዎ ወይም አይሆንም ብለህ ጻፍልኝ። አዎ ካልክ ምልክቷን በእጄ ለራንቬይግ አስረክቤ የኢንግቫርን እወስዳለሁ። አይሆንም ካልክም አልከራከርህም፤ በጥንቱ እቆርጣለሁ፣ በሴፕቴምበርም ተመልሼ እዚያ ክፍል ውስጥ ገብቼ በሰው ሁሉ ፊት አንድ በአንድ እለያቸዋለሁ።

ለዶሮቲ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችው የእጅ ሹራብ ለሁልዳ ልክ ሆኗታል። ለልጅህ ለቶማስ፣ ደብዳቤ ለመጻፍ እጁ አልተሰበረም በልልኝ። ለእኅቱ ለሊንዳና ለሁለቱ ሴት ልጆቿ ሰላም በልልኝ፤ ትንሿ ያን የፈረስ ሥዕል ስለላከች አመስግናት፤ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሁልዳና ኡና እጅ ይነሱሃል። አስግሪሙርም ሰላም ብሎሃል፤ ከእሱ ጋር አሁንም እነጋገራለሁ፣ ከሠላሳ ስምንቱ አንዱ ነውና።

ወንድምህ ስቴይንቶር

ሆልት፣ ግሪታዳል (በፖስታው ላይ ኖርዱርቢግድ ብለህ አትጻፍ)
ኦክቶበር 11 ቀን 1999