ከሰማያዊው መብራት የመለሱልኝ ልጅ

ሰበታ፣ ሰኔ ፪ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ለምትናፍቂኝ እናቴ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? የአባዬ ወገብስ ተሻለው ወይ? ጫንጮ ዝናቡ ከብዷል ይላሉ፤ ብርዱ እንዳይጎዳሽ። እኔ ከአልጋ ተነስቼ በእግሬ ቆሜያለሁ፣ ለእሱ ፈጣሪ ይመስገን። ልቤ ግን ደህና አይደለም። ይህን ወረቀት ራስሽ አንብቢው፣ ለሌላ ሰው አታስነብቢው።

አንቺ የአባዬን መታመም ሰምተሽ ልጁ በተወለደ በማግስቱ ስትሄጂ፣ አማቴ እትዬ ተረፈች መጥተው አረሱኝ። ቡዳ እንዳያየው ብለው መጋረጃ ሰቀሉ፣ በላዩ ጋቢ ደረቡበት። በዚያ ጨለማ ልጄን የማውቀው በዳሰሳ ነበር። ቢጫ መሆኑን እንኳ ያየው ካሳሁን የጠራው ድሬሰር ነው፤ መጋረጃውን ገልጦ የወፍ በሽታ ነው፣ ዛሬውኑ አዲስ አበባ ውሰዱት አለን።

ፊቱን እንደሸፈንነው ወሰድነው፤ ሆስፒታል ነርሶቹ ተቀብለው ልብሱን አውልቀው፣ ዓይኑን በጨርቅ አስረው ሰማያዊ መብራት ስር አስተኙት። መብራቱ አንድ ስለሆነ አጠገቡ የቡራዩዋ የራህመት ልጅ ተኝቷል፣ እሱም ወንድ። እኛ እናቶቹ ኮሪደር ላይ ሆነን በመስታወት እናያለን። ሁለቱም ዓይናቸው የታሰረ፣ ሁለቱም ቢጫ፤ በምን ልለያቸው? ከዚያ ያስቀምጣቸው ጀመር፣ ገላቸውም ሽፍ አለ። የመብራቱ ነው አሉን። ሽፍታው እጃቸው ላይ ከታሰረው የስም ክር ስር ሲብስ፣ ነርሷ ክሩን ከሁለቱም ፈታችው።

አንድ ማለዳ የራህመት ልጅ ሞተ አሉ። ለእኔ የእኔን ሰጡኝ። ጠቁሮ ያረጀ የመዳብ ሳንቲም መስሏል። ሐኪሙ ይሄም የመብራቱ ነው፣ አንዳንዱን እንዲህ ያጠቁረዋል፣ ቀስ እያለ ይለቀዋል አለኝ።

እትዬ ተረፈች ገና ሲያዩት ይሄ የኛ ዘር አይደለም፣ ለውጠውብሻል አሉ። ካሳሁን ተናዶ፣ ለመሆኑ የፊተኛውን መልክ አይተውታል ወይ ብሎ እናቱን ጠየቃቸው። እሳቸውም እኔም፣ ማናችንም መልኩን በቅጡ አላየነውማ።

አሁን ጥቁረቱ ለቆታል። እሳቸውም ቁርጥ ሟቹን ባሌን ነው እያሉ ይስሙታል። እሳቸው ነገሩን ጣል አድርገውብኝ ተገላገሉ፣ እኔ ተሸክሜው ቀረሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ራህመት ልትጠይቀኝ መጣች። ስኳር ይዛለች፣ ምስኪን። ተቀምጠን ሳለ ልጁ አለቀሰ፤ ወዲያው የእሷ ቀሚስ ደረቱ ላይ ረጠበ። አፍራ በሻሿ ሸፈነችው። የእኔ ጡት ሆስፒታል ሳለን ደርቋል፣ በላም ወተት ነው የያዝኩት። እማዬ፣ አንስቼ ሰጠኋት። ጠብቶ ተኛ። ስትነሳ ክርስትናው መቼ ነው አለችኝ። ለሰኔ ሚካኤል ስላት መሬት መሬት አየች፣ ከዚያ አላህ ያሳድግልሽ ብላ ወጣች።

አንቺ ግን አይተሽዋል። በተወለደበት ቀን፣ መጋረጃው ሳይሰቀል፣ መስኮቱ ስር ያጠብሽው አንቺ ነሽ። ጆሮውንም ጣቱንም ታውቂዋለሽ። አንዴ ብታዪው ይበቃሻል፤ እኔም ፊትሽን አይቼ አውቃለሁ።

ስለዚህ እናቴ፣ ለክርስትናው አትምጪ። ለሰዉ አባዬ አልተሻለውም እላለሁ። ከፍ ሲል፣ የሕፃንነት መልኩ ሲለወጥ፣ ያኔ ነይ። እንዳትቀየሚኝ።

አባዬን ይማርልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ክረምቱን በደህና ያውጣችሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ