ሥራዋን ጥላ ሄደች ስለ ተባለችው ተርጓሚ

ለክቡር የትርጉም መጻሕፍት ማረጋገጫ ቢሮ ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ ሁሉ ደህና ናቸው? ወንበርዎን ለይቼ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ያገኘሁት እሱን ብቻ ስለሆነ ከእርስዎ ይልቅ እኔና እሱ ተዋውቀናል። ኮትዎን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በትዕግሥት ሲጠብቅዎት ሳየው፣ የእኔ ቢጤ ባለጉዳይ መስሎኝ እጅ ልነሣው ምንም አልቀረኝም ነበር። ስለ እኔ የሚጨነቁ ከሆነ ደግሞ ጉልበቴ እንጂ ምላሴ አላረጀም፤ ተመስገን ነው።

እኔን ላያስታውሱኝ ይችላሉና ልተዋወቅዎት። በጎልማሳነቴ የልብ ወለድ ጸሐፊ ነበርኩ፤ አሁን አያት ነኝ። ከጻፍኳቸው ሁሉ ሰው የወደደልኝ አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም ወንዝ እያሻገረ የሚኖር፣ ነገር ግን ውሃ የሚፈራ የአንድ ጀልባ ቀዛፊ ታሪክ ነው። ይህን መጽሐፍ የበኩር ልጄ፣ በቤታችን «አቃቂር» የምንላት፣ ተረጎመችው። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ገና በሕፃንነቷ ተረት በነገርኳት ቁጥር «ቀበሮዋ ትናንት አንካሳ ነበረች፣ ዛሬ እንዴት ሮጠች?» እያለች መግቢያ መውጫ ታሳጣኝ ስለ ነበር ነው። የተረጎመችውም ዝና ፈልጋ አይደለም። ልጇ፣ ማለትም የልጅ ልጄ፣ በእናቷ ሥራ የተነሣ በሰው አገር ተወልዳ በሰው አገር ስላደገች፣ በእኔ ቋንቋ ከ«ራበኝ» እና ከ«አያቴ፣ አታሹፍብኝ» ብዙም አታልፍም፤ አንድ ገጽ ማንበብማ የማይታሰብ ነው። አቃቂር እንግዲህ ይህቺ ልጅ አያቷ ዕድሜውን በምን እንደ ፈጀ በምታውቀው ቋንቋ እንድታነብ ፈለገች፤ ነገሩ ይኸው ነበር። አሳታሚው ግን የእርስዎ ማኅተም ያላረፈበትን ትርጉም አልነካም ስላለን፣ እኛም ሕግ አክባሪዎች ነንና እየሮጥን ወደ እርስዎ መጣን። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የሚባለው ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ አሠራራችሁ ጥበብ። ቢሮዎ አንድ ትርጉም ትክክል መሆኑን የሚያጣራው፣ ልጄ ወደዚያኛው ቋንቋ የወሰደችውን ሌላ ባለሙያ ዋናውን መጽሐፍ ሳያይ ወደ እኔ ቋንቋ መልሶ እንዲተረጉመው በማድረግ ነው፤ ከዚያም የእኔና የእሱ ጽሑፍ ጎን ለጎን ተቀምጠው ልዩነት ይለቀማል። እኔ «ወንዙ ዛሬ ተኮሳትሯል» ብዬ የጻፍኩት፣ ደርሶ ሲመለስ «በዕለቱ የውሃው ገጽታ ደስተኛ አልነበረም» ሆኖ መጣ። ሩቅ መንገድ የሄደ ሰውም ከስቶ ጠቁሮ ይመለሳልና በዐረፍተ ነገሩ አልፈርድም። አፌን ያስያዘኝ ውሳኔው ነው፤ ልዩነቱ ይወገድ ዘንድ ደራሲው ዋናውን መጽሐፍ እንዲያርም ታዘዝኩ። የልጅ ልጁ ስላልመሰለው አያትየው መልኩን ይቀይር እንደ ማለት ነው፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ አዲስ መልክ ስለ ታሰበልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ መተባበራችሁ። ታዛዥ ነኝና የታዘዝኩትን አረምኩ። ያን ጊዜ ደግሞ ከእርስዎ ቀጥሎ ካለው፣ የበሩ መስተዋት በፕላስተር ከተጠገነው ክፍል፣ በመዝገብ የገባን ዋና ጽሑፍ በማን ፈቃድ እንደ ለወጥኩ የሚጠይቅ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝና ፋይሉ ወደ ተነሣበት ተመለሰ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው። በመስኮት ፋይል የምትቀበለውን ሠራተኛ ምን ይሻለናል ብዬ ብጠይቃት፣ «አባባ፣ እኔ ምን ላርግዎት፤ ተቀበይ ሲሉኝ እቀበላለሁ፣ መልሺ ሲሉኝ እመልሳለሁ» አለችኝ፤ እኔም «ልጄ፣ የእኔም ቀዛፊ ሥራው ይኸው ነው፤ እሱ ግን አልፎ አልፎ ሰው ያሻግራል» ብላት ከት ብላ ሳቀች። በሕንፃችሁ ውስጥ የሰማሁት ሳቅ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ በዚህ ምክንያት እንዳትቀጧት አደራ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አቃቂር መክሳት ጀምራ ነበር። ቀሚሷ ሲሰፋት እኔ ቀሚሱን አማሁ።

ሦስተኛ፦ ስለ ደረጃችሁ። በሽታዋ ስም በወጣለት ሰሞን እናንተም ደከማችሁ መሰል ትርጉሙ ጸደቀ፤ የቀረው ነገር ተርጓሚዋ በአካል ቀርባ የመጨረሻውን ማረሚያ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ በእርስዎ ፊት መፈረም ብቻ ሆነ። ወረቀቱ ሆስፒታል ድረስ እንዲመጣላት ለመንን፤ ወረቀት ከሕንፃ አይወጣም ተባልን። በሽተኛ ከአልጋ ይውጣ፣ ወረቀት ግን ከሕንፃ አይውጣ፤ ይህን ደንብ ያረቀቀው ሰው ስለ ወረቀት ጤንነት ምን ያህል ቢጨነቅ ነው! ሊፍታችሁ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ በጥገና ላይ ነውና ደረጃውን በእግሯ ወጣችው። የጥበቃው ሰው የራሱን ወንበር ተሸክሞ ከኋላችን እየተከተለ በየመታጠፊያው ያስቀምጥላታል፤ እኔ ቦርሳዋን ይዤ ላበረታታት ብዬ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስላት፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ «ደረጃ ወጣ ግን አልተባለም፣ አባዬ» አለችኝ። አቃቂር ናታ! ላይ ስንደርስ እርስዎ ስብሰባ ገብተው ነበር፤ ወንበርዎና ኮትዎ ተቀበሉን። የምሳ ሰዓት መጣ፣ የምሳ ሰዓት ሄደ፣ በሮቹ አንድ ባንድ ተቆለፉ፤ በመጨረሻም ሌላ ቀን ኑ ተባልን።

ሌላ ቀን አልነበራትም።

አራተኛ፦ ስለ ሐዘን መግለጫችሁ። በወፍራም ወረቀት፣ በጥቁር ጠርዝ፣ ባማረ ቃል የተጻፈውን መጽናኛ በአክብሮት ተቀብያለሁ። በዚያው ፖስታ ውስጥ ታጥፎ የተገኘው ውሳኔ ደግሞ፣ ተርጓሚዋ የመጨረሻውን ማረሚያ ሳይፈርሙ በመቅረታቸው ሥራውን ጥለው እንደ ሄዱ ተቆጥሮ፣ ትርጉማቸው ውድቅ መሆኑንና መጽሐፉ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ለሌላ ተርጓሚ መሰጠቱን ያበሥረኛል። ጥላ ሄደች። ክቡር ሆይ፤ ይህን ስለ ልጄ የሚል ጎረቤት ቢኖር ከዘራዬ ይመልስለት ነበር፤ ቢሮን ግን በከዘራ እንዴት ይመቱታል? እሷ እኮ የሆስፒታል አልጋዋ በወረቀት ተሞልቶ ነርሷ ሳህን የምታሳርፍበት ቦታ ብታጣ፣ የትርጉሙን የራሷን ግልባጭ ሰብስባ ደረቷ ላይ ታቅፋ የምትጎርስ ነበረች። ጣቶቿ እስክሪብቶ አልይዝ ሲሏት፣ እርማቱን በቃሏ እየነገረች ልጇን ታጽፋት ነበር፤ ልጅቷ እንባዋ ወረቀቱን ሲያበላሽባት «እሱን ገጽ እንደገና ጻፊው፣ አይነበብም» ብላ ተቆጣቻት። የሚጥል ሰው እንዲህ ነው የሚጥለው?

አምስተኛው ዛሬ ጠዋት የደረሰኝ ነውና ከግርጌ አቆየዋለሁ።

ልመናዬ አንዲት ናት፤ አቃቂር የተወችው እንደ ተወችው፣ ከነስሟ፣ ይታተም። ይህ እስኪሆን ድረስ፣ ለአዲሱ ትርጉም የደራሲው ፈቃድ ያስፈልጋል ብላችሁ እንድፈርምበት የላካችሁልኝን ወረቀት ሳልፈርም በመሳቢያዬ አስተኝቼዋለሁ፤ በእኔም ቤት ወረቀት ከሕንፃ አይወጣም። ሽማግሌው እስኪያልፍ እንጠብቅ እንዳትሉ ደግሞ ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ በእኛ ዘር ሰው ቶሎ አይሞትም፤ ወጉን ያፈረሰችው እሷ ብቻ ናት።

እስከዚያው ግን መጽሐፉ ያለ ማኅተማችሁ እየተነበበ መሆኑን በመደበቅ አላስቀይምዎትም። የልጅ ልጄ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የእናቷን ግልባጭ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነብልኛለች፤ እኔ የገዛ መጽሐፌን አንዲት ቃል ሳይገባኝ አዳምጣለሁ። ቀዛፊው ባርኔጣው ወንዝ ገብቶበት ከባርኔጣው ጋር የሚጣላበት ላይ ስትደርስ ስለምትስቅ፣ የት እንደ ደረስን በሳቋ አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ሳቅ ባላኖርኩበት ቦታ ሳቀች። ምነው ብላት የቀዛፊው እናት ልጇን የምትገሥጽበትን ገጽ አሳየችኝና፣ ባላት ጥቂት ቃል፣ «አያቴ፣ ይቺ እማዬ ናት፤ እኔን ስትቆጣ ልክ እንዲህ ነው» አለችኝ። እኔ ያቺን ሴት ስጽፍ የራሴን እናት ነበር የጻፍኩት። መልሶ ተርጓሚያችሁ ይህን ቢያገኝ «ልዩነት» ብሎ በቀይ ያሰምርበታል፤ ያሰምርበት፤ እውነቱን ነው። አዲሱ ተርጓሚ ምንም ያህል ሊቅ ቢሆን፣ ያቺን ቁጣ ከየት አምጥቶ ለዚህች ልጅ ይተረጉምላታል?

እንግዲህ ወንበርዎ አይነቃነቅ፣ ኮትዎን ብል አይድፈረው፣ የገቡበት ስብሰባም አንድ ቀን ይለቅ እያልኩ፣ መርቄ ሳልጨርስ የምመርቅዎት፣

የጀልባ ቀዛፊው ደራሲ፣
የአቃቂር አባት፣
የአንባቢዋ አያት።

ማስታወሻ፦ አምስተኛውን አልረሳሁትም። ዛሬ ጠዋት ከቢሮዎ በደረሰኝ ወረቀት፣ ፋይሉ በደንቡ መሠረት ይዘጋ ዘንድ፣ ተርጓሚዋ መታወቂያቸውን ይዘው በአካል በመቅረብ ሥራውን ጥለው መሄዳቸውን በፊርማቸው እንዲያረጋግጡ ተጠይቋል። ደረጃውን ደግማ ልትወጣው ስለማይሆንላት፣ እርስዎ ቢሄዱላት ይሻላል። ከከተማው ዳር ባለው መቃብር፣ ከኋለኛው ግንብ ሥር ያገኟታል፤ ሊፍት አያስፈልግም፣ ቁልቁል ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭም አለች፤ ስብሰባ አትገባም። ማኅተምዎን እንዳይረሱ፤ ኮትዎንም ይደርቡ፣ እዚያ ብርድ አለ።